ሐረጎ፣ ሦስተኛው ጥምዝ

ሃያ ሁለት ሳጥን ቲማቲም ጭኜ፣
አሮጌ ፒካፔን በዱዓ ለምኜ፣
ከኮምቦልቻ ወጣሁ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ገበያው ሳይሞላ ደሴ ልወርድ—
ምን መውረድ! መውጣት ነው፤ ሐረጎ ነው ስሙ፣
እዚያ ነው የሚለይ የሞተር አቅሙ።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ መርፌው ተነቃንቆ፣
ነጩን መስመር ትቶ ከቀዩ ተጣብቆ፣
እንፋሎት ሽው አለ ከኮፈን ተጨንቆ።
ረዳቴ ፈንታው ዘሎ ወረደና፣
ከጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቅ አረገና፣
ጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ ታፖውን ሊከፍት።
"ተው!" አልኩት፣ "ተው!" አልኩት፤
የጋሽ ይመርን ክንድ አላየምና።

የጋሽ ይመር ጋራዥ፣ ከቦርከና ማዶ፣
አጥሩ የዘይት በርሜል፣ መሐሉ ተቀዶ፤
ክንዱ ላይ ካርታ አለ፣ ቆዳው ተላጦ ነዶ—
በሃያ ዓመቱ ነው፣ ቸኩሎ፣ ተናዶ፣
የፈላ ራዲያተር ከፍቶ የተማረው፤
ለመጣ ሰው ሁሉ ክንዱን እያሳየ እንዲህ የሚነግረው፦
"ብረትም ይቆጣል፤ ሲቆጣ አትንኪው፤
ሞተሩን አጥፊና ዳር ይዘሽ ጠብቂው።
ግማሽ ሰዓት ስጪው።
ማኒኮቶውን ያዢ፣ ጨበጥ አርገሽ ጠይቂው፤
ጠጥሮ ከገፋሽ ገና ነው፣ ተይው፤
ለስልሶ ከታጠፈ፣ ያኔ ታፖውን በሩብ ዙር አስተንፍሺው።"

ጠበቅን።
ፀሐይ ወጣች፤ ቲማቲሙን ሸራ አለበስን።
ባለ አይሱዙው ሲያልፍ አንገቱን አውጥቶ፣
"በሬ ጥመጂላት!" አለኝ ጥሩምባውን ነፍቶ።
ፈንታው ደግሞ መላ አለው፣ መናኸሪያ የሰማው፦
"እንቁላል እንስበር፣ በርበሬም እንጨምር፤
ቀዳዳ ይደፍናል፣ ያውቃል ሁሉም ሰው።"
"አንተ፣ ራዲያተር ነው፤
ዶሮ ወጥ አይደለም ቅመም የሚያምረው!"

ከወንበሬ ሥር አለች አንዲት የወተት ጣሳ፦
ባለመስቀል ካቻቪቴ፣ አፉ የዛገ ፒንሳ፣
ምላጭ፣ ሽቦ፣ ሦስት ፋሼታ፣
የብስክሌት ካላመዳሪ በቁመቱ የተቀደደ፣
የአባቴ የእጅ ባትሪ፣ ብርሃኑ ገርጥቶ የሄደ—
ፒካፑም የአባቴ ነው።
በእሱ ነው ከእህቴ ከጦይባ የተጣላነው፦
እሷ ይሸጥ አለች፣ እኔ አይሸጥም አልኩኝ፤
ሦስት ረመዳን አለፈ ሳላያት፣ ሳታየኝ።

ማኒኮቶውን ጨበጥኩት። ለስልሷል።
ሩብ ዙር። ትንፋሹ ወጣ፤ "እፎይ" ያለ ይመስላል።
ባትሪውን ሳበራ፣ ከፋሼታው አጠገብ ጎማው ተሰንጥቋል
እንደ በጋ ተረከዝ፤ ጣቴን ሰድጄ ዳሰስኩት፣ ይረጥባል።
ሁለት ጣት ያህሉን በምላጭ ቆረጥኩት፣
ያጠረውን ስቤ ካፉ ላይ መለስኩት፣
ካላመዳሪውን ለጥጬ፣ ደራርቤ ጠመጠምኩት፣
ፋሼታውን አጠበቅሁ፣ እስኪበቃው—
ካለፈ ይቆርጠዋል፤ ማጥበቅም ልክ አለው።

ውሃው ከቤት ነው፣ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት
(የቦርከና ደለል ሆድ ውስጥ ይረጋል)፤
ሞተሩን አስነስቼ በስሱ ጨመርኩት።
ቀዝቃዛ በትኩስ ብረት ላይ ከቸኮለ፣
ቴስታታው "ቋ!" ይላል፤ ከዚያ ወዲያ መኪናም የለ።
ጄሪካኑ ግን ሳይሞላላት አለቀ።
ደሴ ገባን እየተሳብን፣
መርፌው ከቀዩ አንድ ጣት እየራቀ።

ገበያው አምልጦናል። ቲማቲሙን ነጋዴ በግማሽ ዋጋ ወሰደው።
ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ሰማያዊ በር አለ፤
ሦስት ዓመት ሳልፈው የኖርኩት እያየሁት፣ እንዳላየሁት ሰው።
አንኳኳሁ። "ውሃ" አልኩ፣ "ለራዲያተር"፤
ሌላ አልነበረኝም የምጀምርበት ነገር።

ጦይባ ጄሪካን ይዛ ወጣች፤
ኮፈኑ ሥር ጎንበስ አለች፤
ካላመዳሪውን አየች፣ የአባቴን ባትሪ አየች፤
"ልክፈተው ወይስ ገና ነው?" አለች።
ጨበጥኩት። "ገና ነው" አልኳት፣ "ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል።"
የደጃፏ ድንጋይ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ከሥር ግን አንድ ጠብታ፣ ቆይቶ አንድ ጠብታ፤
አሁንም ያፈሳል።
ነገ መቀየር አለብኝ ያችን ፋሼታ።